ጠፍርና ስለት

ብረትን ብረት እንደሚስለው ሰውንም የሚስለው ሰው ነው የሚለው የመጽሐፈ ምሳሌ ትምህርት (27፥17) በእኛ ዘንድ ከዐውደ ምሕረት እስከ ፖለቲካ መድረክ ሲጠቀስ የኖረ ነው። ተከራካሪ ባላጋራውን በቃል ሲሞርደው፣ መምህር ደቀ መዝሙሩን በቁጣ ሲያርመው፣ አባት ልጁን በአርጩሜ ሲገሥጸው፣ ሁሉም ይህንኑ ትምህርት ምስክር አድርጎ ነው። እኔም ሐኪም ሆኜ ወጣት ሐኪሞችን ሳሠለጥን ከዚህ የተለየ መንገድ አላውቅም ነበር። ዕድሜዬ ከአምሳ ካለፈ በኋላ በዚህ እምነቴ ላይ ጥርጣሬ ያሳደረብኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ የጢም መላጫ ነው።

የምኖረው ከሲያትል በስተደቡብ፣ በፑጀት ሳውንድ ዳርቻ በምትገኘው በዴ ሞይን ከተማ ነው። ከከተማችን ወደ ሰሜን የሚወስደው ዴ ሞይን ሜሞሪያል ድራይቭ የተባለው መንገድ፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የዋሽንግተን ግዛት ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ዳርና ዳሩ የኤልም ዛፍ የተተከለበት ነው። ያ ጦርነት ከሰው ሌላ አንድ የቆየ ልማድም ቀብሯል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት ተላጭተውበት የሚጥሉትን ስስ ምላጭ እ.ኤ.አ. በ1903 ለገበያ አቅርቦ ነበር፤ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ መንግሥት ይህንኑ መላጫ በሚሊዮን የሚቆጠር እየገዛ ለወታደሩ አደለ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ጎልማሳም አባቱ በየማለዳው ያቃናው የነበረውን ታጣፊ ምላጭ ትቶ፣ የደነዘውን መጣል ልማዱ አደረገ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ግን እስከ ዛሬ የሚላጩት በታጣፊው ምላጭ ነው። አንድ ቀን እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው። በሥራዬ ስለታም ነገር ስይዝ የኖርኩ ሰው በመሆኔ ትምህርቱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከምላጩ በፊት አንድ ያረጀ ጠፍር አውጥተው ሰጡኝ። ለጀማሪ ርካሹ ይበቃዋል፣ መቁረጡ አይቀርምና አሉኝ።

ምላጩን የሚስለው ጠፍሩ ይመስለኝ ነበር፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም። የሚስለው ድንጋይ ነው። የምላጩ አፍ እጅግ ስስ ስለሆነ ጢም በቆረጠ ቁጥር ዓይን ሊያየው በማይችል መጠን ይጎብጣል፤ የጠፍሩ ሥራ ይህን የጎበጠ ማቃናት ነው። ጠፍሩ በአንድ ጫፉ ከመንጠቆ ይንጠለጠላል፤ ሌላውን ጫፍ በግራ እጅ ይወጥሩታል። ምላጩ ጀርባውና አፉ እኩል ቆዳው ላይ ተኝተው፣ ጀርባው እየመራ አፉ እየተከተለ ይሳባል። ከጫፍ ሲደርስ የሚገለበጠው በጀርባው ተንከባሎ ነው፤ በአፉ በኩል ከተገለበጠ ቆዳውንም ይቆርጣል፣ ስለቱንም ያበላሻል። በመጀመሪያ በሸራው 20 ወይም 30 ጊዜ፣ ቀጥሎም በቆዳው 50 ጊዜ ያህል መመላለስ ነው።

በዚህ ቀላል በሚመስል ሥራ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። መጀመሪያ የመምህሬን የእጅ ፍጥነት ልኮርጅ ብዬ ጠፍሩን በሁለት ቦታ ተለተልኩት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉት ሆነብኝ። ቀጥሎ፣ አጥብቄ ስጫነው ይበልጥ የሚሰላ መስሎኝ በኃይል አሸሁት፤ አፉ ይብሱን ወደ ጎን ተጣመመ። በሦስተኛው፣ ለስላሳ እጅ ይሁንልህ ሲሉኝ ግራ እጄን አላላሁት። የላላ ጠፍር ይረግባል፤ የረገበ ቆዳም ምላጩ ሲያልፍበት በስለቱ ዙሪያ እየታጠፈ ያዶለዱመዋል። ያን ጊዜ መምህሬ፣ ‹‹ዶክተር፣ ለስላሳ ይሁን አልኩ እንጂ ይላላ አላልኩም›› አሉኝ። ይህ ቃል ከምላጩ ይልቅ በእኔ ውስጥ ሲሠራ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ የሰው ፀጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ሆኖ ሳለ የምላጩን አፍ ይሸርፈዋል። ይህ የሚሆነው ፀጉሩ ጎብጦ ብረቱን በሰያፍ ሲያገኘውና የብረቱም ውስጣዊ አሠራር ወጥ ሳይሆን ሲቀር ነው። እንግዲህ ጠንካራውን የሚያበላሸው ለስላሳ ነገር ነው፤ መልሶ የሚያቃናውም ሌላ ለስላሳ ነገር ነው። ብረት ብረትን መሳሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፊት የሚነካው የመጨረሻው ስለት የሚገኘው ከቆዳ ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ሆስፒታል አንድ የአገራችን ልጅ የሆነ ወጣት ሐኪም በእኔ ሥር ሲሠለጥን የመድኃኒት መጠን አሳስቶ አዘዘ። ነርሷ ደርሳበት መድኃኒቱ ሳይሰጥ ቀረ። እኔ ግን በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ፣ በሥራ ባልደረቦቹ ፊት አዋረድኩት። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ስህተት ሠራ፤ ይህንንም ሳይነግረኝ ለብዙ ሰዓት ቆየ። በሽተኛዋ ሌሊቱን በጽኑ ሕሙማን ክፍል አሳልፋ ተረፈች። ለምን አልነገርከኝም ብለው፣ ‹‹እርስዎን ፈርቼ›› አለኝ። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ዝነኛ ዘገባ፣ በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው ሆስፒታል ውስጥ በሕክምና ስህተት እንደሚሞት ገምቶ፣ ግለሰብን መውቀስ ስህተትን እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም እንደሚያስደብቅ አስረድቶ ነበር። ዘገባውን አንብቤዋለሁ፤ ስለ እሱም ለተማሪዎች ንግግር አድርጌያለሁ። ዕውቀቱ ከእጄ አልደረሰም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ ሁሉን ነገር በልስላሴ እንለፈው ማለትህ ነውን? ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አይደለም። የተሸረፈን ስለት ጠፍር አይጠግነውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጇን ላጣች እናት በለዘበ ቃል ይታለፍ ማለት፣ የተሸረፈ ምላጭ በቆዳ ማሸት ነው። እዚያ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ምርመራ፣ ምስክርነትና ፍርድ ነው። ግን ድንጋይ ዋጋ አለው። በሳለ ቁጥር ከብረቱ ጥቂት ይበላል። በየማለዳው ጠፍር የሚያገኝ ምላጭ ወራትን ያለ ድንጋይ ይቆያል፤ በየማለዳው ድንጋይ የሚያገኝ ግን ሳይደንዝ ያልቃል። የየዕለቱን ጉብጠት እንደ ስብራት የሚቆጥር ሰው፣ የሚያርመውን ሰው ጨርሶት ያርፋል። የእኛም የስደት ማኅበራት፣ ጋዜጦችና ስብሰባዎች ብዙዎቹ የጠፉት ስለት አጥተው አይመስለኝም፤ ለትንሹም ለትልቁም ድንጋይ ብቻ ስናነሣ ነው።

ነገሩ ሥር ያለው ይመስለኛል። ሰይፍ የታጠቀውን ስናወድስ፣ ሰይፉን የቀጠቀጠውን ጠይብ፣ ቆዳውን ያለፋውን ፋቂ እያልን ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። የቆረጠውን እንጂ ያቃናውን የሚያስታውስ ዘፈን ብዙ የለንም።

ባለፈው ዓመት ለዚያ ወጣት ሐኪም የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩለት። አሁን በሌላ ግዛት ራሱ አሠልጣኝ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወለልኝ፤ ስለ ደብዳቤው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከተማሪዎቹ አንዱ ስህተት እንደሠራ፣ እንዴት እንደሚያናግረው እንዳልገባው ነገረኝ። በስልኩ ውስጥ ለመልሴ ሲጠባበቅ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። ‹‹መጀመሪያ በሩን ዝጋ›› አልኩት፤ ‹‹ከዚያ ምንም ሳታስቀር ንገረው።››