የልስኑ ጠርዝ

በመካነ ሰላም አንድ ነጋዴ ነበር። ቤቱ በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው፤ መልኩ ቢያረጅም ቋሚና ማገሩ ደህና ነበር። ልጁን ሊድር ሲል «እንግዳ በዚህ ቤት አልቀበልም» አለና ግንበኛ ጠርቶ የፊቱን ግድግዳ በስሚንቶ አስለሰነ። ግንበኛው ስለቸኮለ የልስኑን ግርጌ ከመሠረቱ ድንጋይ ጋር አላስማማም፤ ጣት የሚያህል ጠርዝ ወጣ ብሎ ቀረ። ኖራ ተቀባ፤ ሠርጉም አማረ።

ክረምት ገባ። የደጋው ዝናብ ጠርዙ ላይ እየተኛ በልስኑና በጭቃው መካከል ሰረገ። በዓመቱ ከግርጌው ሽታ መጣ፤ ነጋዴው ኖራ ደገመበት። በሦስተኛው ክረምት በሩ አልዘጋ አለ።

ሽማግሌ አናጢ ተጠሩ። ጎንበስ ብለው ከጠርዙ ሥር ምስማር ቢሰዱ፣ ያለ መዶሻ እስከ አናቱ ገባ።

«አባባ፣ ልስኑ እኮ አልተሰነጠቀም።»

«ልስኑማ ደህና ነው ልጄ። የበሰበሰው ቋሚው ነው። ሽታው የመጣ ጊዜ ይቺን ጠርዝ ብታስነሣት ግድግዳው ይደርቅ ነበር። አሁን ግን እንጨቱ አይመለስም።»

ምሳሌው ለጥርስ ነው። ፈገግታ ለማሳመር ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ቬኒር አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ ሽፋን ነው። በልኩ ተሠርቶ በንጽሕና ከተያዘ ድድን አይጎዳም። ጠርዙ ወጣ ካለ ወይም ከድድ ሥር ጠልቆ ከገባ ግን ብሩሽም መፋቂያም የማይደርሱበት ጉድባ ይፈጠራል፤ ባክቴሪያ ይከማችበታል። ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት ያቆሙ ጤነኛ ሰዎች ሁሉ በ3 ሳምንት ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ። ደምና ሽታ የሚታየው ብዙ ጊዜ ገና ሊድን በሚችልበት ሰዓት ነው። ቁጣው ችላ ተብሎ ጥርስን የያዘው አጥንት ከተበላ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው አይሆንም።

እናቶቻችን ለውበት ሲሉ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ፈገግታ የጥርስ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። እንግዲህ ጥርሱን የሚያስሸፍን ሰው ስለ ንጣቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ጠርዙ ይጠይቅ። ከወንበሩ ሳይነሣ የጥርስ ክር ሳይያዝና ሳይተለተል ማለፉን ያረጋግጥ። በኋላም ሲቦርሽ ደም ካየ በመጉመጥመጫ አያድበስብሰው፤ ወደ ሐኪም ሄዶ ጠርዙን ያስተካክል። ጠርዙን ማስተካከል ይቻላል፤ የጠፋ አጥንት መመለስ ግን ከባድ ነው።