መጠገን ማለት ምን ማለት ነው?

ወጡ ተጥዶ ሳለ የኤሌክትሪክ ምድጃው በድንገት ይጠፋል። በማግሥቱ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል፤ ከሰዓት በኋላ እየጋለ ይመለሳል። ዋጋው ተከፍሎ፣ ምስጋናው ተሰጥቶ ነገሩ ያበቃ ይመስላል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን፦ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ በእውነት የተጠገነ ነውን?

ጥያቄው ከንቱ አለመሆኑን ለመረዳት የምድጃውን አሠራር መመልከት ይበቃል። በሸክላው ቦይ ውስጥ የተዘረጋው፣ በተለምዶ ሬዚስታንስ የምንለው ጥምጥም ሽቦ፣ በ220 ቮልት 1000 ዋት እንዲሰጥ የተሠራ ከሆነ 4.5 አምፔር ያህል ይስባል። ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዞ ማያያዝ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ሽቦው ከርዝመቱ አንድ ዐሥረኛውን ቢያጣ ኃይሉ ወደ 1,111 ዋት፣ የሚስበውም ወደ 5 አምፔር ከፍ ይላል። ምድጃው ከቀድሞው ይልቅ ስለሚግል ባለቤቱ ይደሰታል፤ ሽቦው ግን ከዐቅሙ በላይ ይሠራል፤ መጋጠሚያው የላላ እንደ ሆነም በዚያው ሥፍራ ከመጠን በላይ ግሎ እንደገና ይበጠሳል።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ሬዚስታንሱ ወይም የተላጠ ገመድ ቆርቆሮውን ቢነካ ኤሌክትሪክ ወደ ምድጃው አካል ይተላለፋል። ቤቱ የመሬት መስመር ካለው፣ ከዚህ አደጋ የሚጠብቀን ከቆርቆሮው ጋር የሚታሰረው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ተቆርጦ ቢቀር ምድጃው እንደ ወትሮው ይግላል፤ ወጡም ይበስላል። ጉድለቱ የሚታወቀው አንድ ሰው በእርጥብ እጁ የነካው ዕለት ነው።

«ድኻ አዲስ ሬዚስታንስ ከየት ያመጣል? ቀጥሎ መስጠት ርኅራኄ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። የተበጠሰውን ለጊዜው መቀጠል በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ቀጥሎ ዝም ማለት ነው። «ይህ የተቀጠለ ነው፤ እስኪለወጥ ድረስ ተጠንቅቀህ ተጠቀምበት» የተባለ ባለቤት አውቆ ይመርጣል፤ ያልተነገረው ግን አልመረጠም፤ ተመረጠበት እንጂ።

ይሁን እንጂ ባለቤቱ አውቆ መፍቀዱም ወሰን አለው። በራሱ ገንዘብና ጊዜ ላይ ሊፈርድ ይችላል፤ ሬዚስታንሱ ቶሎ ቢበጠስ የሚጎዳው እርሱ ነው። ምድጃውን የሚነኩት ግን ብዙ ጊዜ ሌሎች ናቸው፦ የቤት ሠራተኛዋ፣ በወለሉ ላይ የሚጫወተው ሕፃን፣ በጓዳው የምታበስል ተከራይ። እነርሱ በድርድሩ ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ባለቤቱ «ብቻ ይሥራልኝ፣ ዋጋውን ቀንስልኝ» ቢልም እንኳ ጠጋኙ ያን ሽቦ ሳያስር ሊሰጠው አይገባም፤ ባለቤቱም ይህን ሊጠይቀው አይገባም። በሌላው ሰው ሕይወት ዋጋ መቀነስ ለሁለቱም አልተፈቀደምና።

እንግዲህ ዕቃችንን ስንረከብ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የተበላሸው ምን ነበር? የተለወጠው ወይስ የተቀጠለው የቱ ነው? አካሉ በቴስተር ተፈትኗልን? ይህ ጠጋኙን መጠርጠር አይደለም። ይልቁንም ማንም የማያየውን ሽቦ በጥንቃቄ ያሰረ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ድካሙ የሚታወቅለት ያን ጊዜ ነውና።