እኩል ርቀት ሁሉ ፍትሕ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፤ በሕፃናት መጫወቻ ሥፍራ፣ መካከሉ በድጋፍ ላይ የተጋደመ ረጅም ሳንቃ ያላየን የለንም። ሁለት ሕፃናት ከዳርና ከዳር ይቀመጡና አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ጨዋታው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በዕድሜ ከፍ ላልነው ለእኛ አንድ ጥያቄ ያቀርብልናል። ይኸውም ሰዎችን ሁሉ በእኩል ርቀት ማስቀመጥ ሁልጊዜ ፍትሕ ነውን? የሚል ነው።

በመጀመሪያ የሳንቃውን አሠራር እንመልከት። 40 ኪሎ የሚመዝን ታላቅ ወንድምና 20 ኪሎ የሚመዝን ታናሹ ከድጋፉ እኩል 2 ሜትር ርቀው ቢቀመጡ፣ ታላቁ መሬት ላይ ይቀራል፤ ታናሹም አየር ላይ ተንጠልጥሎ እግሩን ያወራጫል። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ርቀቱም እኩል ነው፤ ጨዋታው ግን ቆሟል። ታላቁ 1 ሜትር ወደ ድጋፉ ቢጠጋ ሳንቃው ይስተካከላል። ምክንያቱም የሚቆጠረው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ በርቀቱ ተባዝቶ ነው፤ 40 በ1 ሲባዛ 40፣ 20 በ2 ሲባዛም 40 ይሆናል። ይህንን ሕግ የሲራኩሱ አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በማስረጃ አስረድቶታል። ትልቅ ድንጋይ በብረት ዘንግ የሚፈነቅል ሠራተኛም የሚጠቀመው በዚሁ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለጥምቀት በዓል የመዘምራን ልብስ ለማሰፋት ስንነሣ ሁላችንም እኩል እንድናዋጣ ወሰንን። እኩል ስለ ሆነ ትክክል መሰለን። በቀን ሥራ እናቱን የሚረዳ አንድ ወንድማችን ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቀረ። እኛም ሰነፈ ብለን አማነው። ልብሱ ተሰፋ፤ በዓሉም ደረሰ፤ በሰልፋችን መካከል የእርሱ ቦታ ባዶ ነበረ። ለአንዳንዶቻችን የሻይ ዋጋ የነበረው ገንዘብ ለእርሱ የቤቱ ቀለብ እንደ ነበረ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአንዱ ማቅለል ማዳላት አይሆንምን? የሚሉ ይኖራሉ። ሳንቃው ግን ለታናሹ አላዳላም፤ የሁለቱንም ክብደትና ርቀት አንድ ላይ ቆጠረ እንጂ። ጌታችንም በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከባለጠጎቹ ያስበለጣት የገንዘቡን ብዛት ሳይሆን ከምን ያህል ችግር ውስጥ እንደ ሰጠች ተመልክቶ ነው።

ሳንቃው ከዚህ የሚከብድ ነገርም ያስተምረናል። ወደ ድጋፉ የተጠጋው ታላቅ ወንድም ከፍ የሚለው የታናሹን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ታናሹ እንዲነሣ ታላቁ ከራሱ ከፍታ ይተዋል። ብዙ ያዋጣ ሰው በዚያው ልክ ልታይ፣ ልመስገን ካለ ተመልሶ ዳር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ መዋጮአችን ስም ሳይጠራ በተዘጋ ሣጥን ይሁን፤ እያንዳንዳችንም አቅማችንን በኅሊናችን ፊት እንመዝን። ደግሞም ታላቁ በድንገት ዘሎ ቢወርድ ታናሹ ይወድቃልና አንድ ቀን ረድተን የምንጠፋ አንሁን።

ወንድማችንን ይቅርታ ለመጠየቅ ገና አልሄድንም። በሚመጣው እሑድ ከትምህርት በኋላ ሁላችንም አብረን እንሂድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።