ጸሎትን የሚሞግት ግጥም

ለሙታን በሚደረስ ጸሎት መካከል ጸሎቱን የሚሞግት ግጥም ማስገባት ድፍረት ነው ወይስ ታማኝነት?

እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን ይህን አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመን ቦምብ በወደመው የኮቨንትሪ ካቴድራል አጠገብ የተሠራው አዲሱ ካቴድራል በ1962 ሲመረቅ የቀረበው «ዋር ሬክዊየም» የተሰኘ ድርሰቱ፣ የላቲኑን ጸሎተ ፍትሐት ከዊልፍሬድ ኦወን ግጥሞች ጋር ያፈራርቃል። ኦወን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በ25 ዓመቱ የተገደለ ወታደር ነው።

መዘምራኑ እግዚአብሔር ለአብርሃምና ለዘሩ የገባውን ቃል ኪዳን በደመቀ ድምፅ ይዘምራሉ። የኦወን ግጥም ይከተላል፤ በዚህኛው ግን አብርሃም መልአኩን አይሰማም፤ በጉን ትቶ ልጁን ያርዳል። ከዚያ መዘምራኑ ያንኑ ቃል ኪዳን ይደግሙታል፤ ድምፃቸው ግን እጅግ ዝቅ ብሏል።

ሐዘንተኛ መጽናናት እንጂ ሙግት ምን ይሠራለታል የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ነገር ግን የሟቾቹን ዕረፍት እየለመንን ማን ለሞት እንደ ላካቸው ካልጠየቅን፣ ጸሎታችን ለላኪዎቹ መሸሸጊያ ይሆናል። ኦወን የከሰሰው ቃል ኪዳኑን ሳይሆን ቢላዋ የያዘውን እጅ ነው። በግእዝ «ፍትሐት»ም «ፍትሕ»ም የሚወጡት ፈትሐ ከሚለው አንድ ግስ ነው፤ ብሪተንም ሁለቱን አልነጠላቸውም።