ከጦርነቱ በኋላ ያለው ጦርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ሩሲያዊው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1865 እስከ 1869 ያሳተመውን «ጦርነትና ሰላም» ስናነብ፣ በ1812 ናፖሊዮን ከሞስኮ ሲያፈገፍግ ብዙዎቻችን መጽሐፉን ማጠፍ እንወዳለን። ጠላት ከሄደ ምን ቀረ እንላለን። የቀረው መደምደሚያ ግን በተለይ ለእኛ ለወጣቶች ትልቅ ትምህርት አለው።

የፈረሰኛው መኮንን የኒኮላይ ሮስቶቭ አባት በ1813 ሲሞት ዕዳው ከሀብቱ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዘመዶቹ «ውርሱን አልቀበልም በል» ብለው መከሩት። እርሱ ግን ይህ የአባቱን ስም ማቃለል መስሎ ስለታየው ዕዳውን ተሸከመ። ጦሩን ትቶ በሞስኮ የመንግሥት ሥራ ያዘ፤ ድህነቱን ከእናቱ እየሰወረ በጠባብ ቤት አኖራት። በጥይት መካከል የጋለበ ሰው በአበዳሪዎች ፊት መቆም ግድ ሆነበት።

በኋላም ልዕልት ማርያን አግብቶ በገጠር ሲኖር ሌላ ጠላት ተነሣበት፤ እርሱም የገዛ ቁጣው ነው። ገባሮቹን በጡጫ ይመታ ነበር። አንድ ቀን ጭቃ ሹሙን መትቶ ለሚስቱ ሲነግራት ማርያ አለቀሰች። በዚያው ዕለት የቀለበቱ ፈርጥ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደሙ ሲፈላና እጁ ሲጨበጥ የተሰበረውን ቀለበት በጣቱ ላይ እያዞረ ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል። ይሁን እንጂ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ይረሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ሚስቱ ሄዶ ይናዘዛል፤ ዳግመኛም ቃል ይገባል።

እንግዲህ እናስተውል። በጦር ሜዳ የጀገነ ይመሰገናል፤ ቁጣውን ለገታ ግን ማንም አያጨበጭብለትም። እኛም ስለ ሀገርና ስለ ዓለም እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ እናታችን ስትጠራን ግን በቁጣ እንመልሳለን፤ የቤት ሠራተኛይቱን እንገላምጣለን።

ደራሲው በመደምደሚያው ሁለተኛ ክፍል ትረካውን ትቶ ስለ ታሪክ ይመራመራል። የምድርን መዞር ሳይሰማን እንደተቀበልን ሁሉ፣ ነፃ ነን ማለትን ትተን የማይሰማንን ጥገኝነት እንቀበል ይላል። በዚህ አንከተለውም። በኋላ ዘመኑ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት በመውጣቱም የሩሲያ ሲኖዶስ በ1901 አባልዋ አለመሆኑን አውጆበታል። ያለ እግዚአብሔር ምንም ማድረግ እንደማንችል እናምናለን። ነገር ግን ፈቃድ ከሌለን ንስሐ ለማን ይሰበካል? ኒኮላይ ቀለበቱን እያዞረ ከቁጣው ጋር ሲታገል ያየ አንባቢ፣ ይህ ሰው ምርጫ የለውም ሊል አይችልም። ደራሲው በክርክሩ የነሣንን በትረካው መልሶ ሰጥቶናል።

ወገኖቻችን ሆይ፤ እኛ የተሰበረ ቀለበት አያስፈልገንም፤ በአንገታችን ማዕተብ አለን። እጃችን ለመምታት፣ አንደበታችንም ለመሳደብ ሲነሣ ማዕተባችንን እንንካ። ብንወድቅም እንነሣ፤ ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ፤ የበደልነውንም ይቅርታ እንጠይቅ። ይህን እንድንፈጽም የአምላካችን ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።