የአንድ ሰው ድምፅ

ሰው በሰው ዓይን ሰው የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ማዶን አሽዊን ያዘጋጀው «ማንዴላ» የተሰኘው የታሚል ፊልም ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021፣ የታሚል ናዱ ግዛት ምርጫ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር።

የፊልሙ መንደር ሱራንጉዲ በዘር መደብ ለሁለት ተከፍላለች። አዛውንቱ የመንደር ሹም ሰላም እንዲወርድ ብለው ከሁለቱም ወገን ሚስት አገቡ። ጋብቻው ግን ጠቡን ከመንደር ወደ ቤታቸው አስገባው። የአንድ አባት የሁለት እናት ልጆች የሆኑት ወንድማማቾች የአባታቸውን ወንበር ሲሻሙ፣ እያንዳንዱ የእናቱን ወገን ከኋላው አሰለፈ። ከምርጫው በፊት ደጋፊ ሲቆጠር ሁለቱም እኩል ናቸው።

ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ ሰው አለ፦ ዮጊ ባቡ የሚጫወተው ፀጉር ቆራጭ። ቤቱ ዛፍ ሥር ነው፤ በፊት ለፊት በር አይገባም፤ ፀጉር ሊቆርጥ ተጠርቶ ሌላም ሥራ ይታዘዛል። የሚጠሩት «ሞኝ» በሚል ትርጉም ባለው ቅጽል ነው። የምርጫ ካርድ ሲያገኝ ግን የሚያሸንፈውን የምትወስን ድምፅ እሱ እጅ ገባች፤ ትናንት ያላዩት ሁሉ ስጦታ ተሸክመው መጡ።

እዚህ ላይ እንስቃለን። የሚያስቀን የሰዎቹ ፊት በአንድ ሌሊት መለወጡ ነው፤ ሰውየው ራሱ አልተለወጠምና። እንግዲያው ያከበሩት ማንን ነው? መልሴ፦ ቁጥሩን ነው። ድምፁ ተሰጥቶ ሲያልቅ ክብሩም አብሮ ያልቃል። መቆጠር ሌላ፣ መታየት ሌላ ነው።

«ባይቆጠር ኖሮ ማን ያየው ነበር?» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ እኔም መቆጠርን አላቃልልም። ነገር ግን ሰውየው ስጦታውን ብቻ ሲቀበል የወንድማማቾቹ መሣሪያ እንደሆነ ይቀራል፤ ዋጋው ናረ እንጂ ገዢዎቹ አልተለወጡም። ነገሩ የሚለወጠው ለመንደሩ ሁሉ የሚሆን ልማት መጠየቅ ሲጀምር ነው። መንገድ ከተሠራ የደጋፊና የተቃዋሚ እግር ለይቶ አያሳልፍም። ወንድማማቾቹ አንዱ ሌላውን ለማሸነፍ ሲሉ የሚንቁትን ወገን ጭምር ማገልገል ግድ ሆነባቸው። አባታቸው በጋብቻ ያላገኙትን አንድ ፀጉር ቆራጭ በጥያቄው አስጀመረው። ለእኔ ሰውነቱ የታየው እዚህ ነው፤ ሌሎች ባዩት ጊዜ ሳይሆን እሱ ሌሎችን ባየ ጊዜ።

ስሙንም አስቡት። ኔልሰን ማንዴላ ብላ ያወጣችለት አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ደቡብ አፍሪካዊው ማንዴላም ቢሆኑ አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሮሊህላህላ ነበር፤ ኔልሰን ያለቻቸው የመጀመሪያ ደረጃ መምህርታቸው ናት። ስም ከሰው ይሰጣል፤ የሚሞላው ግን በባለቤቱ ሥራ ነው። ፀጉር ቆራጩ ስም ፍለጋ ፖስታ ቤት የሄደውም ለምርጫ አልነበረም፤ አንድ ቀን የራሱን ፀጉር ቤት የሚከፍትበትን ገንዘብ ለማስቀመጥ ስም ስላስፈለገው ነበር።