በአንድ መሥሪያ ቤት ስለሚሰሙ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች

ሦስት ጸሐፊዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲሠሩ ሁለቱ በእናታቸው ቋንቋ ቢነጋገሩ፥ ሦስተኛውም የሚሉትን ባያውቅ፥ በደለኛው ማን ነው? የተናገሩት ናቸውን ወይስ ያልተማረው? ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በሆሣዕናና በዱራሜ ለሚኖር የመሥሪያ ቤት ሰው የየቀኑ ፈተና ነው።

በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በተቋቋመ ጊዜ ሆሣዕና መቀመጫው ሆነች፤ ከቢሮዎቹም አንዳንዶቹ ለወልቂጤ፥ ለወራቤ፥ ለቡታጅራ፥ ለዱራሜና ለሀላባ ቁሊቶ ተከፋፈሉ። ስለዚህ ሐዲያውና ከምባታው፥ ጉራጌውና ሥልጤው፥ ሀላባውም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተገናኙ። ከምባታውና ሀላባው እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ቢናገር ብዙ ሳይቸገሩ ይግባባሉ፤ ሐዲይኛና ከምባትኛ ግን ምንም እንኳ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ቢሆኑ ሳይማሩ አያግባቡም። ጉራጌኛና ሥልጢኛ ደግሞ ከግዕዝ ወገን ናቸው። የሁሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

አማርኛ የጋራ መሆኑ ችግሩን ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም። በአማርኛ ተወልዶ ያደገ ሰው ያልደከመበትን ሀብት ይዞ ወደ ቢሮ ይገባልና። ባልንጀራው ግን በልቡ ያሰበውን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ እስኪያሻግር ድረስ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ የአንደበቱን መዘግየት የአእምሮው መዘግየት አድርገው የሚቈጥሩ አሉ። ከሁሉ የሚከፋው በደል ይህ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው ይህን አይስተውም፤ በአገሩ ቋንቋ አንደበተ ርቱዕ የነበረ ተማሪ ግዕዝ ሲጀምር እንደ ዲዳ ሆኖ ይከርማልና።

አንድ ምሳሌ እነሆ። ሐዲይኛም ከምባትኛም ፊት ለፊት የቆመን ሰው ሲያነጋግሩ ወንዱን ከሴቲቱ አይለዩም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃል። እንግዲህ አማርኛን ዘግይቶ የተማረ ሰው የክፍሉን ሹም ወይዘሮ በድንገት «አንተ» ቢላት ስሕተቱ የሰዋስው ነው እንጂ የትዕቢት አይደለም። ባልንጀሮቹ ግን ይሥቁበታል። ከዚያ በኋላ በጉባኤ አፉን አይከፍትም፤ መሥሪያ ቤቱም ምክሩን ያጣል።

የሁለቱ ጸሐፊዎች ነገር ገና አልተፈታም። ሰው በእናቱ ቋንቋ ያርፋል፤ ሰላምታውን፥ የለቅሶ ወሬውን፥ ጨዋታውን በርሱ ይናገር ዘንድ መከልከል ጭካኔ ነው። ነገር ግን ስለ መዝገቡ፥ ስለ ዕድገቱ፥ ነገ ስለሚፈረመው ደብዳቤ ሦስተኛው በማያውቀው ቋንቋ ቢመክሩ የርሱን ድርሻ ወስደውበታል። ሰምና ወርቅ በቅኔ ያስመሰግናል፤ በሥራ ግን ወርቁ የተሰወረበት ሰው ሣቁን ሁሉ በርሱ ላይ የተሣቀ አድርጎ ይተረጕመዋል። ደግሞም ሁልጊዜ አያውቅም ማለት አይደለም፤ የዮሴፍ ወንድሞች በግብፅ አስተርጓሚ በመካከል ቆሞ ስላዩ አይሰማንም ብለው በፊቱ ተናገሩ፤ እርሱ ግን ሰምቶ ፊቱን መልሶ አለቀሰ።

በኢየሩሳሌምም በቀደመው ማኅበር ግሪክኛ የሚናገሩት መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ስለ ተዘነጉ አንጐራጐሩ። ሐዋርያት ግን አስቀድማችሁ ዕብራይስጥ ተማሩ አላሏቸውም። ሰባት ሰዎች አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሙ፤ የሰባቱም ስም ግሪክኛ ነው። የተበደለውን የሚሰማ ጆሮ በማዕዱ ዘንድ ተቀመጠ ማለት ነው።

በዛሬው መስኮት ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለ ይዞታው ሊያመለክት ይመጣል፤ የተረኛው ጸሐፊ ቋንቋ ሌላ ነው። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንዱ ተጠርቶ ያስተረጕማል፤ የሽማግሌውን የግማሽ ሰዓት አቤቱታ «መሬት ፈልገው ነው» ብሎ በሦስት ቃል ይጨርሰዋል። ይህን ሰው ሰነፍ ማለት አይገባም፤ የራሱ ሥራ ተቈልሎ ይጠብቀዋል፥ ማስተርጐሙም እንደ ሥራ አይቈጠርለትም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ለማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት አዝዟል። ሳይከሰስ በመስኮት የቆመው ሽማግሌ ግን የሚጠብቀው የአንድ ጸሐፊ በጎ ፈቃድ ነው። ማስተርጐም በመዝገብ ተጽፎ፥ ጊዜ ተለክቶለት፥ ለሚሠራውም ቢቈጠርለት የሽማግሌው ነገር በሦስት ቃል ባላለቀ ነበር።

ሌላም ዕዳ አለ፤ እርሱም ከሌላ አገር የመጣው ሠራተኛ ዕዳ ነው። በሆሣዕና ያለው ሆስፒታል የንግሥት እሌኒን ስም ይዟል። እርስዋ የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበረች፤ በ15ኛው መቶ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና ወደ ቤተ መንግሥት ገባች፥ በዚያም በትምህርት የታወቀች ሆነች። ከሐዲያ ወደ ሌላው ልሳን የተሻገሩ ከርስዋም በኋላ ስፍር ቍጥር የላቸውም፤ ወደ ሐዲያ ልሳን የተሻገሩት ግን ጥቂት ናቸው። በሆሣዕና አሥር ዓመት ደመወዝ የተቀበለ ጸሐፊ ወደ ገጠር ገበያ ሲወጣ የሰባት ዓመት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ተምሮታል።